እናታችንን ይዘን ሐረር፦ አልጋው በስንት፣ ውሃው ከየት፣ ዘመድስ ምን ይላል?



ረመዷን ሲጋመስ በብዙ ቤት የሚነሳ ወሬ አለ። «ዘንድሮ ሸዋልን ሐረር ብንሄድስ?» ይባላል። ወሬው በተነሳ በሳምንቱ አባወራው የኪሱን ሒሳብ መስራት ይጀምራል። እማወራዋ ለስንት ሰው ስንት ልብስ እንደሚበቃ ታስባለች። ልጆች ደግሞ ጅቡን ማን ቀድሞ ያበላል ብለው ከወዲሁ ይጣላሉ። ማደሪያው ግን «እዚያው ስንደርስ ይገኛል» ተብሎ ይታለፋል። ግመሉን ሳያስሩ ተወከልኩ ማለት ማለት ይህ ነው።

እኛም በ2017 የሸዋል ወር ያደረግነው ይህንኑ ነበር። እናታችን በጁገል ግንብ ውስጥ ተወልዳ ያደገች ናት። ለትዳር ወደ አዲስ አበባ ከመጣች ወዲህ ወደ አገሯ የተመለሰችው ለለቅሶ ብቻ ነው። «አንድ ጊዜ እንኳ በደስታ ልግባባት» እያለች ዓመታት አለፉ። በዚያ ዓመት እህትና ወንድም ተማክረን፣ ከልጆቻችን ጋር ሰባት ነፍስ ሆነን እናታችንን ይዘን ተነሳን። ከተማው የደረስነው ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር ነው። የመጀመሪያው ሆቴል «አልጋ ሞልቷል» አለን፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ክፍል አለኝ ብሎ የጠራልን ዋጋ ከወር በፊት አንድ ወዳጃችን ከከፈለው እጥፍ ሆኖ አገኘነው። ሌላ ምርጫ ስላልነበረን ከፈልን። ከክፍላችን ስር መጠጥ ቤት መኖሩን ያወቅነው ከዒሻ በኋላ ሙዚቃው ሲጀመር ነው። ለሱብሒ ስንነሳ ደግሞ ቧንቧው ደርቋል። ሰባት ሰው በሃይላንድ ውሃ ውዱእ አደረገ። እናታችን አንዲት ቃል አልተናገረችም። ፊቷን ግን አይተነዋል።

ይህን ስሕተት ሌላው ቤተሰብ እንዳይደግመው ከዚያ ወዲህ የጠየቅነውንና የተማርነውን በዚህ ወር አምዳችን እናቀርባለን። የያዝነው ምሳሌ ሐረርና ጎረቤቷ ድሬዳዋ ይሁኑ እንጂ፣ አብዛኛው ነገር ደሴ ለሚሄድም ጅማ ለሚሄድም የሚሰራ ነው።

በመጀመሪያ ወቅቱን እንመልከት። ሐረር ዓመቱን ሙሉ አልጋ የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም። ዋጋ የሚሰቀለው በተወሰኑ ቀናት ነው፤ ዋነኞቹም ከዒደል ፊጥር በኋላ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲያበቃ የሚከበሩት የሹዋሊድ ቀናት ናቸው። በዓሉ በኅዳር 2016 መጨረሻ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ከውጭ አገር የሚመጣው የሐረሪ ተወላጅና ጎብኚ ትኩረቱ ጨምሯል። ስለ በዓሉ አከባበር ዑለማዎቻችን የሚሰጡት አስተያየት አንድ ዓይነት አይደለም። ይህ አምድ የፈትዋ መስጫ አይደለምና እሱን ለባለቤቶቹ እንተዋለን። የእኛ ነገር የአልጋ ዋጋ ነው። በእነዚያ ቀናት መገኘት የግድ ካልሆነባችሁ አንድ ሳምንት አሳልፋችሁ ሂዱ። ያው ከተማ፣ ያው ሆቴል፣ ያው ክፍል ሆኖ ዋጋውም የእንግዳ መቀበያው ጠባይም ይለወጣል። የሒጅራ ወራት በየዓመቱ በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀድመው ስለሚመጡ ባለፈው ዓመት የሄዳችሁበትን ቀን ይዛችሁ አትሳሳቱ።

በበዓሉ ቀናት መሄድ ግድ የሚሆንበት ሰው ደግሞ ድሬዳዋ ማደርን ያስብ። ከድሬዳዋ ሐረር ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ድሬዳዋ የንግድ ከተማ ስለሆነች ሆቴሏ ብዙ ነው፤ ሐረር ሲሞላም እዚያ አልጋ ይተርፋል። ጠዋት ወጥቶ ከመግሪብ በፊት መመለስ ይቻላል። ነገር ግን ድሬዳዋ ቆላ መሆኗን ልብ ይሏል። ቬንትሌተር የሌለው ክፍል በርካሽ ቢሰጣችሁ ርካሽነቱ እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ ነው። አጎበር መኖሩንም ጠይቁ። የደንጊ ትኩሳት ከ2006 ጀምሮ በከተማዋ ደጋግሞ ታይቷል። እሱን የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ላይ የምትናከስ በመሆኗ አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ ለሕፃናት እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ልብስ መያዝ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። እዚህ ላይ «እገሌ ሆቴል ይህን ያህል ያስከፍላል» ብለን ብንጽፍ እትሙ እጃችሁ ሳይገባ ዋጋው ይለወጣል። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ትናንት የሰማነው ዋጋ ዛሬ አይገኝም። ስለዚህ ዋጋውን ሳይሆን የአጠያየቁን መንገድ እንናገር።

ከሁሉ የሚሻለው በቀጥታ ስልክ መደወል ነው። በኢንተርኔት የተለጠፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ ለውጭ አገር ሰው ታስቦ የተሰላ ነው፤ በመካከል ያለው አገናኝም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ቀን ላይ ደውሉ፤ ማታ ስልክ የሚያነሳው ጥበቃው ነው፣ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣንም የለውም። ባለቤቱን ወይም ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ። እኛ ደውለን የገጠመንን ለምሳሌ እናንሳ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። አልጋ አለ?»

«ወዐለይኩም ሰላም። አለ።»

«ባለ ሁለት አልጋው ስንት ነው?»

«ሁለት ሺህ።»

«ቫቱና ሰርቪሱ በውስጡ ነው?»

ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያ «ሲደመር ነው፣ ሐጂ» አለ። (ሐጅ አላደረግንም፤ አላህ ይወፍቀን።)

ይህች «ሲደመር ነው» የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም። አሥር በመቶ የአገልግሎት ሲጨመር ሁለት ሺው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ይሆናል። በዚህ ላይ አሥራ አምስት በመቶ ቫት ሲመጣ 2,530 ብር ይደርሳል። ለሦስት ሌሊት፣ ለሁለት ክፍል ብታሰሉት ልዩነቱ ብቻ ከሦስት ሺህ ብር ያልፋል። ይህ ለሰባት ሰው የሁለት ቀን ምሳ ነው። ጥያቄው ስድብ አይደለም፤ የሚፈልጉት አስቀድሞ ማወቅ ነው። «ጠቅላላ ከኪሴ የሚወጣው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉ ያጥራል።

ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ሆቴል ለነዋሪና ለውጭ ፓስፖርት የተለያየ ዋጋ አለው። ክፍሉን የሚይዘውም መታወቂያውን የሚያሳየውም ነዋሪው ቢሆን ጥያቄው አይነሳም። እንዲህ ስንል ግን ሰውየውን ደብቁ ማለታችን አይደለም። ሁለት ዋጋ ካላቸው በግልጽ ጠይቃችሁ ዋጋው የሚታየው በሚከፍለው ሰው ይሁን በሚያድረው ሰው መስማማት ነው።

ዋጋ በመከራከር በኩልም አንድ ነገር እንናገር። «ማዶ ያለው ሆቴል በዚህ ዋጋ ሰጥቶኛል» እያሉ ያልተሰጣቸውን ዋጋ የሚጠሩ ወንድሞች አሉ። ለሁለት መቶ ብር ብሎ መዋሸት አያዋጣም፤ ደግሞም አያስፈልግም። እውነተኛ ምክንያት ሞልቷል። ሦስት ሌሊት እንቆያለን፤ ሁለት ክፍል እንይዛለን፤ ከሳምንቱ መሐል እንመጣለን፤ ለልጆቹ ተጨማሪ ፍራሽ ብቻ ይበቃናል። እነዚህን የሰማ ባለ ሆቴል ይቀንሳል። ሌላው ጥሩ ምክንያት ቁርስ ነው። ብዙ ሆቴል ቁርስን ጨምሮ ነው የሚያስከፍለው። ቤተሰባችሁ የሸዋልን ስድስት ቀን እየጾመ ከሆነ ግን ያንን ቁርስ ማን ይበላዋል? እኛ በሁለተኛው ጉዟችን ይህን ስናነሳ ሥራ አስኪያጁ ሳቀና «እንግዲያውስ ለኢፍጧር ሾርባና ሳምቡሳ ላድርግላችሁ» አለ። አንድም ብር ሳይጨመር ለሰባት ሰው ማፍጠሪያ ተገኘ።

ቀብድ የሚጠይቁም አሉ፤ በበዓል ሰሞን መጠየቃቸው ተገቢ ነው። በቴሌብር ስትልኩ የተቀባዩ ስም የድርጅቱ መሆኑን አረጋግጡ። ብንቀር ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ይቀራል የሚለውንም በመልእክት አስጽፉ። በሸሪዓው በኩል አብዛኞቹ ፉቀሃእ ገዢው ሲቀር ቀብዱን መያዝን አልፈቀዱም፤ ሐንበሊዮች ፈቅደዋል። ከኋላ ከመጨቃጨቅ ከፊት መነጋገሩ ለሁሉም ይበጃል።

ከዋጋው ይልቅ እኛን ያስለቀሰን ግን ውሃው ነው። ለዓመታት ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከተማዋ ውሃ ከሩቅ ለማምጣት የተገደደችው በዚያ ምክንያት ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር አለ። ስለዚህ «ሙቅ ውሃ አለ?» ከማለት በፊት «ውሃ አለ?» በሉ። «ሮቶ አላችሁ? ስንት ሊትር ይይዛል? ወደ ላይኛው ፎቅስ ይደርሳል?» ብላችሁ ጨምሩ። ክፍሉን ሳትይዙ ገብታችሁ ቧንቧውን በራሳችሁ እጅ ክፈቱት። ሙስሊም ቤተሰብ በቀን አምስት ጊዜ ውሃ ይፈልጋል። ይህን ለባለ ሆቴሉ ብትነግሩት አያፍርባችሁም፤ ባልዲ ሙሉ አስቀድሞ ያስቀምጥላችኋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከስር ምን አለ የሚለው ነው። ምድር ቤቱ መጠጥ ቤት ከሆነ ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ የለም፤ ልጆች በደረጃው ሲወጡ ሲወርዱ የሚያዩትም ሌላ ነገር ነው። መጠጥ የማይሸጥባቸው ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች በሁለቱም ከተሞች አሉ፤ ለመጠየቅ አትፈሩ። ሦስተኛው የወጥ ቤቱ ነገር ነው። በአገራችን ልማድ «ስጋው የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ክርስቲያኑም ይጠይቃልና። አንዳንድ ሆቴል ሁለቱንም ወጥ ቤት ለይቶ ይይዛል። ካልለየ ፉል፣ እንቁላልና ዓሣ እያለ የሚጨነቅ የለም።

ቂብላን በተመለከተም ብዙ ሰው አዲስ አበባ የለመደውን ይዞ ይሄዳል። መካ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሆና በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ናት፤ ከሐረር ግን ወደ ሰሜን ሆና በጥቂቱ ወደ ምዕራብ ታዘነብላለች። በእግር ጉዞ የመስጂዱን አቅጣጫ አይቶ መመለስ ከሁሉ ይቀላል። በጁገል ውስጥ ብቻ ሰማንያ ሁለት መስጂዶች አሉና መስጂድ ፍለጋ የሚደክም የለም።

ስለ ሶላት ከተነሳ ስለ አውቶቡሱም እንናገር። ከአዲስ አበባ ሐረር 525 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡስ የሚነሳው ከሌሊቱ አሥር ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ የሱብሒ ወቅት የሚገባው ደግሞ መኪናው ከተማውን ለቆ ሲወጣ ነው። ሱብሒ አይጣመርም፣ አያጥርም። ብዙዎች «ቁርስ ላይ እንሰግዳለን» ይሉና ቁርሱ የሚቆመው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይሆናል። ትኬት ስትቆርጡ ሳይሆን ስትሳፈሩ፣ ሾፌሩ ገና መሪ ሳይጨብጥ «ወንድም፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት አሥር ደቂቃ ትቆምልናለህ?» በሉት። አንድ ሰው ብቻውን ሲለምን እምቢ ይላል፤ አሥር ተሳፋሪ አብሮ ሲጠይቅ ይቆማል። እኛ ባልጠየቅንበት ጉዞ መኪናው አልቆመም፤ በጠየቅንበት ቆሟል። ውዱእ ከቤት አድርጎ መውጣት ነው። ዙህርና ዐስርን በሚመለከት መንገደኛ አራት ረከዓውን ሁለት አድርጎ ያሳጥራል። ከተማ ደርሶ ስንት ቀን ድረስ ያሳጥራል በሚለው ግን መዝሀቦች ይለያያሉ። በሻፊዒዮች ዘንድ የመግቢያና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር አራት ሙሉ ቀን ለመቆየት የነየተ አያሳጥርም፤ በሐነፊዮች አሥራ አምስት ቀን ነው። የአካባቢው ሰው ኢማም ሆኖ ሲያሰግድ ከኋላው የቆመ መንገደኛ ሙሉውን ይሰግዳል። ልጆች ሦስት ዓይነት ሶላት በአንድ ቀን ሲያዩ ስለሚደናገሩ አስቀድማችሁ አስረዷቸው።

ባቡርም አለ። በ2009 የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከለቡ ተነስቶ ድሬዳዋ ያደርሳል። የሚሄድበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ጣቢያው በሁለቱም በኩል ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ የታክሲውን ሒሳብ ጨምሩበት። በመኪናም ሆነ በባቡር፣ የመንገዱን ሰላም ከመነሳት በፊት መጠየቅ አይዘንጋ። የአውሮፕላን ትኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት የፈረንጅ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቁታል፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ግን ሲሳሳቱ አይተናል። የሆቴሉን መልቀቂያ ሰዓትም እንዲሁ «በማን ሰዓት?» ብላችሁ አረጋግጡ።

ግንቡ ውስጥ ማደር ለሚፈልግ የሐረሪ ቤቶች አሉ። የጁገል አንዳንድ ቤተሰቦች ጊዜ ያስቆጠረ ቤታቸውን ለእንግዳ ከፍተዋል። ሳሎኑ ደረጃ ደረጃ እየሆነ ከፍ በሚል አምስት ነደባ የተሰራ ነው፤ ግድግዳው በሳህንና በስፌት ያጌጠ ነው። ለልጆች ከሙዚየም የሚበልጥ ትምህርት ነው፤ መጠጥ የለም፣ ጭፈራ የለም። ችግሩ መታጠቢያው ብዙ ጊዜ የጋራ መሆኑ ነው። ሴቶች ያሉበት ቤተሰብ ሌላ እንግዳ አብሮ ይኑር አይኑር አስቀድሞ ይጠይቅ። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ሆኖ ቤቱን በሙሉ መያዝ ቢቻል ከሆቴል የሚረክስበት ጊዜ አለ፤ ግላዊነቱም ይጠበቃል። ጫማ በር ላይ ይወለቃል፤ ከፍ ባለው ነደባ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ባለቤቶቹ እስኪያሳዩ መቆም ነው።

በከተማው ውስጥ የጠዋቱን ሰዓት ተጠቀሙበት። ከሰዓት በኋላ፣ ከዙህር እስከ ዐስር ባለው ጊዜ ሐረርም ድሬዳዋም ይተኛሉ። ሱቁ ይዘጋል፣ የሚከፈተውም ባለቤቱ ጫቱን ይዞ ነው። ይህ ጊዜ ስንቱን ወጣት እንደበላ በሌላ እትም የምንነጋገርበት ነው። ለእንግዳ ግን ትርጉሙ ገበያ በጠዋት ወይም ከዐስር በኋላ መውጣት ነው። ከፈረስ መጋላ ተነስቶ ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት በማኪና ግርግር በኩል ወደ ግድር መጋላ መውረድ ነው። በጠዋት የሰጣችሁት ጨርቅ ማታ ቀሚስ ሆኖ ትወስዱታላችሁ። በአቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የግል ጥረት የተሰባሰበው ሙዚየም ውስጥ በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖች አሉ። ልጆቻችን እዚያ ቆመው የቀለሙን ጥራት ሲያዩ እርስ በርስ መጣላታቸውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ረስተው ነበር። ጅብ ማየት ለሚወድ፣ ማታ ከፋላና በርና ከሰንጋ በር ውጭ ይበላሉ። ክፍያው ለሰው ነው ወይስ ለቡድን የሚለውን ጅቡ ሳይመጣ ተስማሙ። ስጋ የተሰካበትን እንጨት በአፍ የሚያስይዙ አሉ፤ ልጅን እዚያ ላይ አታስደፍሩት። ባጃጅም ከመሳፈር በፊት ነው ዋጋው። ምግብ ላይ የሐረሩን ሁልባት መረቅና ፈቲራ ሳይቀምሱ መመለስ አይገባም፤ ለቤት የሚወሰድ ደግሞ ሐልዋ ነው።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ የቀረው ከባዱ ነገር የዘመድ ነገር ነው።

በ2017 ያንን ሌሊት ካደርን በኋላ ጠዋት ወደ አክስታችን ቤት ሄድን። የእናታችን ታላቅ እህት ናቸው፣ ጁገል ውስጥ ይኖራሉ። መምጣታችንን አልነገርናቸውም ነበር። ሰባት ሰው በአንዲት አሮጊት ትከሻ ላይ መጣል ከብዶን፣ ማታውኑ ልንጭንባቸው አልፈለግንም። ሆቴል ማደራችንን ሲሰሙ ምንም አላሉም። ቡና አፈሉ። ሁለተኛውን ሲኒ ከቀዱ በኋላ ወደ እናታችን ዞረው «ቤቴ መች ጠቦሽ ያውቃል?» አሉ። እናታችን አለቀሰች። እኛም የምንገባበት ጠፋን።

በኋላ ከጎረቤት እንደሰማነው፣ እንደምንመጣ ከሌላ ዘመድ ወሬ ደርሷቸው ሦስት ፍራሽ ተውሰው አሰናድተው ጠብቀዋል። የሚተዳደሩት ልጃቸው ከጅዳ በምትልክላቸው ገንዘብ ነው። ፍራሹን ያየን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተሰማን። ብናድር ኖሮ ሸክም እንሆን ነበር፤ ባለማደራችን ደግሞ አሳዘንናቸው። እንግዳ የሚስተናገደው ሦስት ቀን እንደሆነና አስተናጋጁን እስኪያስቸግር ድረስ መቆየት እንደማይገባ ሁላችንም ተምረናል። ሳይናገሩ ሆቴል ገብቶ ማደር ግን ለዚያ ትምህርት መልስ አልነበረም።

ያን ቀን የተስማማነው እንዲህ ነው። እናታችን ከእህቷ ጋር ታድራለች፤ እኛ ከነልጆቻችን ሆቴል እንሆናለን። ምሳ እሳቸው ዘንድ ይበላል፤ የምሳውን አስቤዛ ጠዋት ከገበያ ገዝተን እናስገባለን እንጂ ገንዘብ በእጃቸው አንሰጥም። ገንዘብ ቢሆን ይመልሱት ነበር፤ ስኳር፣ ዘይትና ሩዝ ግን በበሩ ከገባ አይመለስም። ሁለቱ እህትማማቾች ለሦስት ሌሊት ነደባው ላይ ጎን ለጎን ተኝተው እስከ ሱብሒ ሲያወሩ እንዳደሩ የነገሩን ራሳቸው ናቸው። እናታችን በደስታ የገባችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ጉዞ ስናስብ መጀመሪያ የደወልነው ለአክስታችን ነው። የምንመጣበትን ቀን፣ ስንት ሆነን እንደምንመጣና ማደሪያ እንደምንይዝ በግልጽ ነገርናቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና «የትኛው ሆቴል?» ብለው ጠየቁ። ስሙን ስንነግራቸው «የባለቤቱ እናት አፎቻዬ ናት። እናንተ አትደውሉ፣ እኔ ልነጋገር» አሉ። በማግሥቱ ደወሉልን። በስልክ ሁለት ቀን ተከራክረን ካስቀነስነው በታች ሌላ ቅናሽ አስገኝተው ነበር፤ ክፍሉም ከመጠጥ ቤቱ ራቅ ያለው፣ ሮቶው ከጣሪያው ላይ የሆነው ነው።

«ሁለት ክፍል ነው የያዝኩላችሁ» አሉን። «ሦስተኛውን ሰርዤዋለሁ። እናታችሁ የኔ ናት።»